«እህል አላሰኘኝም» ሲባል ድንች ይጨምራል?

ጠያቂ፦ ዳንግላ አጠገብ የሚኖሩት አክስቴ ከታመሙ ወዲህ የድንች ቅቅልና እርጎ ሲወስዱ ሰንብተው፣ የጤና ባለሙያዋ ስትጠይቃቸው «እህል አላሰኘኝ ብሎ ይኸው ሦስት ቀኔ፤ በአፌም አልዞረ» ስላሏት፣ ባለሙያዋ «ምንም አልበሉም» ብላ ጻፈች። አክስቴ ሐሰት አይናገሩም። በእሳቸው አነጋገር ድንች እህል አይደለምን?

ከደብረ ማርቆስ፦ ሥሩን እንመልከት። «ኮነ» «ሆነ»፣ «ክልኤቱ» «ሁለት» እንደ ሆነ ሁሉ፣ የግእዙ «እክል» በአማርኛ «እህል» ሆኗል፤ ትግርኛው «እኽሊ» በ«ክ»ና በ«ህ» መካከል ያለውን ድምፅ እንደ ያዘ ነው። በዐረብኛም «አከለ» ማለት «በላ» ማለት ስለ ሆነ፣ የሚበላ ሁሉ፣ ድንቹም ጭምር፣ እህል ነው እላለሁ።

የዋሸራ ቅኔ ተማሪ የነበርኩ፦ ወንድሜ፣ ሥር የቃሉን መነሻ ያሳያል እንጂ ዛሬ የደረሰበትን አያሳይም። በግእዝ የሚበላውን ሁሉ የሚያጠቃልለው «ሲሳይ» ነው፤ የመጥምቁ ዮሐንስ ሲሳይ «አንበጣ ወመዓረ ጸደና»፣ አንበጣና የበረሃ ማር፣ ነበር፣ እህል የለበትም። «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» የሚለውን ግን በአማርኛ «የዕለት እንጀራችንን» እያልን እንጸልያለን፤ ለእኛ ሰው ሲሳዩ እንጀራው ነውና። እኛም በእንተ ስማ ለማርያም ብለን ለምነን አኮፋዳችን ድንች ብቻ ይዞ የተመለሰ ቀን፣ ጠግበን እያደርን «ዛሬ እህል አላገኘንም» እንባባል ነበር።

ሌላ አባል፦ የኔታ ይፍቀዱልኝና፣ ቁልፉ ያለው በግሱ ነው። «ውኃ ውኃ አለኝ» ስንል ጥሙ ራሱ ይናገራል፤ «ውኃ ውኃ አሰኘኝ» ስንል ግን ተናጋሪው እኔ ሆኜ ጥሙ ያናግረኛል። ስለዚህ አክስትዎ የተናገሩት እህልን የሚያስጠራቸው ፍላጎት እንደ ጠፋ ነው እንጂ፣ ስለ መብላት አለመብላታቸው አይደለም።

የዋሸራ ቅኔ ተማሪ የነበርኩ፦ «በአፌም አልዞረ» ያሉትን ታዲያ የት ጣልከው? አምሮቱንም መብሉንም ለየብቻ ተናግረዋል።

ከደብረ ማርቆስ፦ «አለኝ» በሚለው ውስጥ ባለቤቱ ጥም ነው መባሉን አልቀበልም፤ «ሆዴ ባር ባር አለኝ» እንደምንለው ባለቤቱ ሆድ ነው።

ሌላ አባል፦ እዚያ ላይ ግን «ሆዴ» ተብሎ ተጠርቷል፤ በ«ውኃ ውኃ አለኝ» የተጠራ ባለቤት የለም።

ጠያቂ፦ ለባለሙያዋ ድንቹንና እርጎውን ነግሬያት ጽሑፉን አስተካክላለች። ዛሬ ጠዋት አክስቴ የጤፍ ፍትፍት ሁለት ጉርሻ ወሰዱና «ተመስገን፣ እህል ቀመስኩ» አሉ።