«የደከመ ልጅ አይሰርቅም» ወይ? ከሰፈር ስብሰባ የተነሳ የጽሑፍ ክርክር

ዓባይ ማዶ፦
እሑድ እዚህ ባህር ዳር፣ በሰፈራችን ስብሰባ ስለ ሌብነት ተወራ። የሞባይል ንጥቂያው፣ የብስክሌት ስርቆቱ፣ ማታ ከሐይቁ ዳር ሲመለሱ የሚዘረፉት ሰዎች፣ ሁሉም ተነሳ። መጨረሻ ላይ አንድ ኃላፊ ቆሙና «መፍትሔው ስፖርት ነው፤ የደከመ ልጅ አይሰርቅም» ብለው ቁጭ አሉ። ሰውም አጨበጨበ። እኔ ግን እስካሁን እንደነደደኝ ነኝ። አምና ወንድሜን በስለት ወግቶ ስልኩን የቀማው ልጅ የሰፈራችን ምርጥ ኳስ ተጫዋች ነበር። ሲሮጥ ነበር የሚውለው። ታዲያ ያ ልጅ አልደከመውም ነበር?

የሞገዶቹ ደጋፊ፦
ወንድምህን እግዜር ይማረው። ግን በአንድ ልጅ ጥፋት ስፖርትን በሙሉ አትክሰስ። ሞገዶቹ የምንለው የኳስ ክለባችን ባህር ዳር ከነማ በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድግ የሰፈሬ ልጆች ምን እንደሆኑ አይቻለሁ። ጫት ቤት ተኮልኩለው ይውሉ የነበሩት ታኬታ ተውሰው ልምምድ ጀመሩ። ሁሉም ተጫዋች አልሆነም። ቢሆንም ጠዋት የሚነሱበት ምክንያት አገኙ። ይሄ ላንተ ምንም አይደለም?

ዓባይ ማዶ፦
ስንቶቹ ዛሬም ይለማመዳሉ? ስንቶቹስ ቤቲንግ ቤት ናቸው? ኳስ ያመጣውን እንቁጠር ካልክ እሱንም ቁጠርልኝ። ያለችውን ብር በውርርድ የጨረሰ ልጅ ማታ ምን እንደሚያስብ ታውቃለህ።

የሞገዶቹ ደጋፊ፦
ውርርድ ስፖርት አይደለም! ቁማር ነው።

ዓባይ ማዶ፦
ቁማሩ የሚቆመረው በምን ላይ ነው? በኳስ አይደለም? በደጋፊ ጠብ የተቋረጡት የሊግ ጨዋታዎችስ? ድንጋይ የወረወሩት ስፖርት የማያውቁ ሰዎች ነበሩ?

የሞገዶቹ ደጋፊ፦
የእኛን ደጋፊ ማለትህ ከሆነ በግልጽ ተናገር።

ዓባይ ማዶ፦
የማንንም ስም አልጠራሁም።

መምህር፦
ልጆች፣ ቀስ በሉ። እኔ በስፖርት መምህርነት ነው ጡረታ የወጣሁት። «የደከመ ልጅ አይሰርቅም» ያሉት ሰው በቀና ልብ ተናግረዋል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ድካም አንድ ሌሊት አያድርም። ልጁ ተኝቶ ሲነሳ የትናንቱ ችግር እዚያው ይጠብቀዋል። ከጥፋት የሚመልሰው ሌላ ነው። ከልምምድ ሲቀር ቤቱ ድረስ ሄዶ «የት ነበርክ?» የሚለው ትልቅ ሰው ነው። የሚያፍርባቸው ጓደኞች ናቸው። ከቡድኑ እንዳይባረር መፍራቱ ነው።

አሜሪካኖች ይህን ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1986 ሜሪላንድ ውስጥ ግሌናርደን በምትባል ከተማ የሌሊት ቅርጫት ኳስ ተጀመረ። ጨዋታው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር፤ ወጣቱ ችግር ውስጥ በሚገባበት ሰዓት ማለት ነው። ሜዳው ላይ ፖሊስ ይገኛል። ለመጫወት ደግሞ ስለ ሥራና ስለ ሱስ በሚሰጠው ትምህርት ላይ መገኘት ግዴታ ነበር። ኳሱ ልጆቹን መጥሪያ ነው። ዋናው ሥራ ከመጡ በኋላ ያለው ነው።

ዓባይ ማዶ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ወንጀሉ ቀነሰ ወይስ አልቀነሰም? እሱን ነው የምጠይቅዎ።

ጠበቃው፦
እኔ ልመልስ። ይሄው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1994 የአሜሪካ የወንጀል ሕግ ሲረቀቅ ምክር ቤቱን አናክሶ ነበር። ተቃዋሚዎቹ የሕዝብ ገንዘብ ለጨዋታ መዋል የለበትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ደግሞ ፕሮግራሙን ቀድመው የጀመሩት ከተሞች ውስጥ የንብረት ወንጀል ከሌሎቹ ይበልጥ መቀነሱን አገኘ። አጥኚዎቹ ግን ጨዋታው ነው ያስቀነሰው ብለው አልደመደሙም።

ዓባይ ማዶ፦
«አልደመደሙም»። አመሰግናለሁ። እነሱ ያልደመደሙትን የእኛ ኃላፊ በአንድ አፍ ደመደሙት።

ጠበቃው፦
አልሠራም ብለውም አልደመደሙም እኮ። ግማሹን አትውሰድ።

የሁለት ወንዶች እናት፦
እናንተ አሜሪካ ገባችሁ። እኔ ቀበሌ 14 ነኝ። ልጆቼ ይጫወቱበት የነበረው ሜዳ ታጥሮ ፎቅ እየወጣበት ነው። ሐይቁ ዳር ልውሰዳቸው ስል ለስላሳ ካልገዛሽ አትቀመጪም እባላለሁ። ያንን ትልቅ ስታዲየም ከሩቅ ነው የሚያዩት። ስለዚህ ኳሱን አስፋልት ላይ፣ ከባጃጅ ጋር እየተጋፉ ይጫወቱታል። ስፖርት ወንጀልን ይከላከላል የሚሉን ሰዎች መጀመሪያ ሜዳውን ይመልሱልን።

የሞገዶቹ ደጋፊ፦
እህቴ፣ ስታዲየሙን ተይው፤ ቁስላችን ነው። በ2014 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ለዓለም አቀፍ ጨዋታ አይበቃም ብሎ ካገደው ጀምሮ ብሔራዊ ቡድናችን ሜዳ ፍለጋ ሰው አገር ነው የዞረው።

የሁለት ወንዶች እናት፦
እኔ ስለ ካፍ አላወራሁም። ስለ ስምንት ዓመት ልጅ ነው የማወራው። እሱ የሚፈልገው ሁለት ድንጋይ ጎል የሚተከልበት ባዶ ቦታ ነው።

ባለብስክሌት፦
ሁላችሁም ኳስ ኳስ ትላላችሁ። ደጃችን ጣና ተኝቷል! ዋና አለ፣ የታንኳ ቀዘፋ ውድድር አለ። ከተማችን ደግሞ ሜዳ ናት፤ ለብስክሌት እንደ ባህር ዳር የሚመች የት ይገኛል? ክለብ ብናቋቁም ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ ይያዛል።

የሁለት ወንዶች እናት፦
ጣና ውስጥ? ቢልሃርዚያውስ? ትልቁ ልጄ ታሞበት ስንት ተመላልሻለሁ። ዓባይ መውጫው ጋ ደግሞ ጉማሬ አለ።

ባለብስክሌት፦
ታንኳ ላይ ያለ ሰው ውሃ ውስጥ አይዘፈቅም።

የሁለት ወንዶች እናት፦
ልጅ አታውቅም ማለት ነው።

ዓባይ ማዶ፦
ብስክሌቱንስ ማን ይጠብቀዋል? የምንከራከረው እኮ ብስክሌት ስለሚሰርቁ ልጆች ነው።

ባለብስክሌት፦
እሺ፣ ብስክሌቱ ይቅር። የቦክስ ቤት ይከፈት። ጉልበቱን ቦርሳ ላይ ይጨርስ። ማይክ ታይሰንን ያወጣው ምንድን ነው? ጎዳና ላይ ሲሰርቅ ተይዞ፣ ጥፋተኛ ልጆች የሚታረሙበት ተቋም ገብቶ፣ እዚያ ነው ቦክስ የተማረው። በ20 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ዓባይ ማዶ፦
ከዚያስ? ጨርሰው እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1992 በአስገድዶ መድፈር ተፈርዶበት ታሰረ። ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ!

ባለብስክሌት፦
በርናርድ ሆፕኪንስንስ? በዝርፊያ 18 ዓመት ተፈርዶበት፣ አምስት ዓመት ገደማ ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1988 ወጣ። እስር ቤት ሆኖ ነው ቦክስን የያዘው። ወጥቶ ሻምፒዮን ሆነ፤ ወደዚያ ግቢም አልተመለሰም።

ጠበቃው፦
በሁለት ቦክሰኛ የከተማ ፖሊሲ አይወጣም። ስለ ቦክስ ዓለም ራሱ አልተስማማም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ቦክስ፣ ትግልና ክብደት ማንሳት የያዙ ታዳጊ ወንዶች ከሜዳ ውጭ ጠበኝነታቸው ጨምሮ እንደነበር አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ለእንግሊዝ የፍትሕ ሚኒስቴር ስለ እስር ቤት ስፖርት የቀረበ ጥናት ነበር፤ 12 ምክረ ሐሳቦች ይዟል። ሚኒስቴሩ 11ዱን ተቀበለ። የቀረችው አንዷ ቦክስና ማርሻል አርት በሙከራ ይጀመር የምትለው ናት።

መምህር፦
ጥናቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ማን እንዳስተማራቸው ይጠየቅ። ልጆችን እያዋረደ የሚያስተምር አሠልጣኝ በኳስም ያበላሻቸዋል። ትዕግሥተኛ ሰው ቦክስ ቢያስተምር መጀመሪያ የሚያስተምራቸው እጃቸውን መሰብሰብ ነው።

ባለብስክሌት፦
ይሄው! እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።

ዓባይ ማዶ፦
አንተ ያልከው ቦርሳ ይምታ ነው።

ከውስጥ የወጣሁ፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ታስሬ የወጣሁ ሰው ነኝ። የት እንደታሰርኩ አልናገርም። ጥፋቴ ስርቆት ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ኳስ መስረቄን አላስተወኝም። ከመታሰሬ በፊትም እጫወት ነበር። ለውጡ የመጣው በሌላ በኩል ነው። ግቢ ውስጥ ቀኑ አይመሽም። ዞን ከዞን (የግቢው አንዱ ክፍል ከሌላው) ግጥሚያ ያለበት ሳምንት ግን ጠብ ይቀንሳል፤ የተጣላ ሰው ከቡድኑ ይወጣላ። ጉልበቴ ታሞ መጫወት ሲያቅተኝ ዳኛ አደረጉኝ። በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ በነፍስ የገቡ ሰዎች ፊሽካዬን ሰምተው ይቆሙ ነበር። ያለ ስለት፣ ያለ ስድብ ሰው ሲሰማኝ ያየሁት ያኔ ነው። ሕጉን አጥንቼ፣ አድልቼ እንዳልታማ ሌሊት ሳስብ አድር ነበር። 

ከበሩ ስወጣ ግን ሁሉም እዚያው ቀረ። ሥራ ስጠይቅ ከወንጀል ነጻ የሚል ወረቀት አምጣ አሉኝ። ወረቀቱን ከየት ላምጣ? በር ላይ የጠበቁኝ የድሮ ጓደኞቼ ብቻ ነበሩ። እነሱ ወረቀት አይጠይቁም። ያኔ ያዳነኝ የአጎቴ ጋራዥ ነው። አጎት የሌለው የት ይሄዳል?

የሞገዶቹ ደጋፊ፦
ወንድሜ፣ ስለተናገርክ ክብር ይስጥህ።

ዓባይ ማዶ፦
እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ በቅንነት ነው። የሰረቅካቸው ሰዎችስ? አንተ ግቢ ውስጥ ስትዳኝ እነሱ ምን አገኙ?

ከውስጥ የወጣሁ፦
ምንም አላገኙም። ልክ ነህ። አንዷን ፈልጌ አግኝቼ በየወሩ እየከፈልኳት ነው። ሌሎቹን አላውቃቸውም።

ጠበቃው፦
ይሄ ነጥብ ሕጉም ውስጥ አለ። ሰው አመክሮ ሲባል ዝም ብሎ ቀን የሚቆረጥ ይመስለዋል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት ታራሚው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን መጨረስ አለበት። በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ማሳየት አለበት። የተበደለውንም አቅሙ በፈቀደ መጠን መካስ አለበት። ስፖርት ከጠባዩ ጋር ሊታይ ይችል ይሆናል፤ ካሳውን ግን አይተካም።

በሌላ በኩል ስፖርቱን እንደ ቅንጦት የምታዩ አላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው የማንዴላ ደንብ ደጅ ለማይሠራ እስረኛ በየቀኑ ቢያንስ የአንድ ሰዓት የአካል እንቅስቃሴ፣ ደጅ፣ አየር ላይ ይገባዋል ይላል። ለወጣት እስረኞች ደግሞ ስፖርትና መዝናኛ ይጨምራል። ችሮታ አይደለም።

ዓባይ ማዶ፦
ለወንድሜ ስንት ሰዓት ይገባዋል የሚል ደንብስ አለ? ዛሬም ግራ እጁን እንደልቡ አያዘውም።

ጠበቃው፦
የለም። ሊኖር ይገባል።

የሞገዶቹ ደጋፊ፦
ማረሚያ ቤቶች እኮ የስፖርት ክለብ አላቸው። በአገር አቀፍ አትሌቲክስ ውድድር ፌዴራል ማረሚያ ሲባል ሰምታችሁ አታውቁም?

ከውስጥ የወጣሁ፦
እዚያ የሚሮጡት ክለቡ የያዛቸው አትሌቶች ናቸው። ታራሚው አይደለም። ስሙ አያሳስታችሁ።

መምህር፦
ወንድሜ፣ ከላይ ዳኛ ነበርኩ ብለሃል። እኔ በጡረታዬም ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩን ልጆች አጫውታለሁ። ሜዳዋ ጠባብ ናት፤ ግን አለች። ዳኛ የለንም። ትመጣልናለህ?

የሁለት ወንዶች እናት፦
መምህር፣ አከብርዎታለሁ። ልጆቼን ላሳደጉልኝ አመስግኜ አልጨርስም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱም እርስዎ ጋ፣ እዚያች ሜዳ ላይ ናቸው። ወላጅ ሳይጠየቅ እንዴት እንዲህ ይላሉ?

የሞገዶቹ ደጋፊ፦
እህቴ፣ አሁን ለወንድማችን ታሪክ ሁላችንም አዝነን አልነበር? ማዘኑ ለወሬ ብቻ ነው?

የሁለት ወንዶች እናት፦
አትፍረድብኝ። አንተ ልጅ አለህ? ሥራ ያግኝ፣ ይለወጥ፣ ደስ ይለኛል። ልጆቼን ግን መሞከሪያ አላደርግም። እሱ እውነቱን ነው የተናገረው ብዬ አምናለሁ። ነገ ሌላው መጥቶ እንዲህ ቢልስ? እያንዳንዱን በምን አውቀዋለሁ?

ከውስጥ የወጣሁ፦
እህቴ፣ አልቀየምሽም። እኔም ልጅ ቢኖረኝ እጠይቅ ነበር። ወላጆች ቆመው ይዩ። ለብቻዬ ከልጆች ጋር አልሁን። የፍርዴን ወረቀት ማየት የሚፈልግም ይይ፤ አልደብቅም። ሜዳ ላይ ያልታየ ሰው መለወጡን የት ያሳይ ነው የምለው።

ዓባይ ማዶ፦
ወንድሜን የወጋው ልጅ ነገ ሲወጣም ፊሽካ ልትሰጡት ነው?

ጠበቃው፦
ሲያጠፋ ስንት ዓመቱ ነበር?

ዓባይ ማዶ፦
አሥራ ስድስት።

ጠበቃው፦
ሕጉ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለው ልጅ ለየት ያሉ እርምጃዎች አሉት። አሥራ ስድስት የሞላው የሚከሰሰው እንደ አዋቂ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ። ያም ሆነ ይህ ገና በወጣትነቱ ይወጣል። ሰፈሩም ያው ሰፈራችሁ ነው። የት እንዲሆን ትፈልጋለህ?

ዓባይ ማዶ፦
እኔን አትጠይቀኝ። መጀመሪያ ወንድሜ ፊት ቆሞ ይናገር፤ ይካሰው። ከዚያ በፊት ማንም ኳስ ቢሰጠው በአደባባይ እቃወማለሁ። አሠልጣኙንስ ማን ነው የሚከፍለው? ኃላፊው አጨብጭበንላቸው ሄዱ እንጂ ስለ በጀት አንድ ቃል አልተናገሩም።

መምህር፦
ለእኔ የከፈለኝ የለም፤ ኳሱንም ከጡረታዬ ነው የምገዛው። ግን እኔ ሰባ አልፌያለሁ። ከእኔ በኋላ በነጻ የሚቆም እንዳይጠበቅ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወላጆችን እሰበስባለሁ። ስለ ዳኛውም ፊት ለፊት እንነጋገራለን። እሱም ይምጣ።

የሁለት ወንዶች እናት፦
እመጣለሁ። ሐሳቤን ግን አልቀይርም።

ባለብስክሌት፦
የቦክሱ ነገርስ በስብሰባው ላይ ይነሳ?

መምህር፦
አንተም ና፤ ጓንት የሚገዛልን ሰው ይዘህ።