ኪሎዬ ኖርማል ነው፣ ቦርጬ ግን አልጠፋ አለ። ምን ዓይነት ስፖርት ልስራ?

የገርጂው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 34 ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ72፣ ክብደቴ 66 ኪሎ። ልብስ ለብሼ ያየኝ ሰው ሁሉ ቀጭን ነህ ነው የሚለኝ። ግን ክንዴ ቀጭን፣ ደረቴ ልል፣ ሆዴ ወደ ፊት የወጣ ነው።

ባለፈው ወር ለወንድሜ ሰርግ ሱፍ ላሰፋ ሄድኩ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ወገቤ ላይ ጠምጥሞ 93 ብሎ ጻፈ። ከዛ ትከሻዬን ለካና ደብተሩን ትንሽ አየት አድርጎ "ኮቱን ጠበብ፣ ሱሪውን ሰፋ አድርገን ብንቆርጠው ይሻላል" አለኝ። በማግስቱ ሰፈር ያለ ጂም ገብቼ ስብ በሚለካው ሚዛን ላይ ቆምኩ፣ 27 ፐርሰንት አለ። ደምም ተመረመርኩ። በባዶ ሆድ ስኳሬ 108 ነው። አባቴ ስኳር አለበት፣ ስለዚህ እውነቱን ለመናገር ፈርቻለሁ።

ሥራዬ ሂሳብ ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ነኝ። ከዚህ በፊት ሁለት ወር ሙሉ በሳምንት አራት ቀን እየሮጥኩ፣ እራት እየተውኩ ከ69 ወደ 66 ወርጄ ነበር። ፊቴ ከሳ፣ እናቴ "አሞሃል እንዴ?" እያለች ታስቸግረኝ ጀመር፣ ቦርጩ ግን እዛው አለ። አንዱ ጓደኛዬ ኪሎ ጨምር ይለኛል፣ ሌላው ቀንስ ይላል። የቱን ልስማ?

ብረት በጠዋት፦

ወንድሜ፣ ከዚህ በታች ኪሎ አትቀንስ። እኔ ያለፍኩበት መንገድ ስለሆነ ነው እንዲህ አፌን ሞልቼ የምነግርህ። እኔም ልክ እንዳንተ እራት ትቼ ሮጥኩ፣ 61 ኪሎ ገባሁ፣ ሆዴ አልተነካም። ምግብ ቀንሰህ ጡንቻህን ምንም ከባድ ሥራ ካልሰጠኸው ሰውነትህ ስቡን ብቻ መርጦ አያቃጥልም፣ ጡንቻውንም አብሮ ይበላዋል። ኪሎህ ይወርዳል፣ ስብህ በፐርሰንት ሲታይ ግን ያው ነው። የአንተ ችግር ስብ መብዛቱ ብቻ ሳይሆን ጡንቻ ማነሱም ነው። መፍትሄው ብረት ነው።

ጂም የግድ አይደለም። እኔ የጀመርኩት በሁለት ቢጫ ጀሪካን ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ 8 ሊትር ውሃ ስትጨምር 8 ኪሎ ብረት ያዝክ ማለት ነው። ሲቀልህ አንድ ሊትር ትጨምራለህ። ዋናው ምስጢር እሱ ነው፣ ሰውነት የለመደውን ሸክም ብቻ እየደጋገምክ ብትሰጠው የሚያድግበት ምክንያት የለውም።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀን እየዘለልክ። አንዱን ጀሪካን ደረትህ ላይ አቅፈህ ስኳት (ቁጭ ብድግ) ትሰራለህ። ከዛ ፑሽ አፕ፣ መሬት ላይ ካቃተህ እጅህን ጠረጴዛ ላይ አድርገህ ጀምር። ከዛ ጎንበስ ብለህ ጀሪካኑን ወደ ጎድንህ ትስባለህ፣ በቀኝም በግራም፤ ኮምፒውተር ላይ ለጎበጠ ጀርባ እንደዚህ የሚጠቅም ነገር አላየሁም። ቀጥሎ ጀርባህን ቀጥ አድርገህ ከዳሌህ ብቻ እየታጠፍክ ሁለቱንም ከመሬት ታነሳለህ። እያንዳንዱን ሦስት ዙር፣ በአንድ ዙር ከ8 እስከ 12 ጊዜ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስቱ ሊያንቀጠቅጡህ ይገባል። 12ቱን እያወራህ ከጨረስክ ውሃው አንሷል። መጨረሻ ላይ ጀሪካኖቹን በሁለት እጅ ይዘህ ግቢውን ዙር፣ መዳፍህ እስኪቃጠል ድረስ። ሁሉም ተደምሮ 40 ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ሲስተር መ፦

ነርስ ነኝ፣ ስለ ቁጥሮቹ ትንሽ ልበል። እንደ አንተ ያለ ሰው ሚዛን ላይ ወጥቶ "ኪሎህ ኖርማል ነው" ተብሎ ሲሸኝ ያሳዝነኛል፣ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ክብደትህን በቁመትህ ሁለት ጊዜ ብታካፍለው 22.3 ይመጣል። ጤናማ የሚባለው ከ18.5 እስከ 25 ስለሆነ በዚህ ቀመር ምንም የለብህም። ግን ቀመሩ ስብና ጡንቻን አይለይም። ሜትሩ ይሻላል። ወገብህ ከቁመትህ ግማሽ መብለጥ የለበትም፣ ለአንተ ግማሹ 86 ነው፣ አንተ 93 ላይ ነህ። ስትለካ ጠዋት ምግብ ሳትበላ፣ በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት መሃል፣ ትንፋሽህን አውጥተህ ይሁን። ሆድህን አትሳብ።

የጂሙን 27 ፐርሰንት ግን ብዙ አትመነው። ሚዛኑ በእግርህ ቀላል ኤሌክትሪክ ልኮ ነው የሚገምተው፣ ውሃ ጠጥተህ ወይም አልቦህ ስትቆም ቁጥሩ ይለዋወጣል።

ስኳርህን በተመለከተ ከ100 እስከ 125 ያለው በብዙ ቦታ ቅድመ ስኳር የሚባለው ነው። ስኳር ይዞሃል ማለት አይደለም፣ ማስጠንቀቂያ ነው። በአንድ ምርመራም አይወሰንም፣ የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየውን ምርመራ ሐኪምህን ጠይቀው። ያባትህንም ነገር ሳትደብቅ ንገረው። አንዱ ወንድማችን ከላይ ያለው ልክ ነው፤ ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የገባውን ስኳር አብዛኛውን የሚቀበለው ጡንቻ ነው። ጡንቻ ሲያንስ ማስቀመጫው ያንሳል። በሆድ ዕቃና በጉበት ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ደግሞ ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ እንዳይሰራ ያደርጋል። ደም ግፊትህን ግን ተለክተሃል? ብረት ከመጀመርህ በፊት ተለካ።

የጃንሜዳው፦

ልጄ፣ ሩጫውን ጨርሰህ እንዳትተው። 58 ዓመቴ ነው፣ ንጋት ላይ ጃን ሜዳ መሮጥ ከጀመርኩ ቆየሁ። ብረቱን እደግፋለሁ፣ እኔም ዘግይቼ ጀምሬዋለሁ፤ ልብና ሳንባ ግን በጀሪካን ብቻ አይሆኑም። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ሁለቱንም ነው፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ጡንቻ የሚያጠነክር ደግሞ ቢያንስ ሁለት ቀን። ስለዚህ ሁለት ቀን ሶምሶማ ይበቃሃል። ከጎንህ ካለው ሰው ጋር እያወራህ መሮጥ በምትችልበት ፍጥነት። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፣ መጀመሪያ ቀን ስትከንፍ ደረትህን ይዘህ ትቆማለህ፣ ከዚያ ሰው ሩጫ ጠላሁ ይላል። ሌላው፣ ምሳ በልተህ ቀጥታ ወንበርህ ላይ አትመለስ። 15 ደቂቃ በእግርህ ዞር በል። ለስኳርህ ይጠቅማል።

የገርጂው፦

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ እርስዎ ያሉትን የምሳውን ነገር ከነገ ጀምሬ አደርገዋለሁ። ሲስተር፣ ግፊቴን ተለክቻለሁ፣ 122 በ78 ነው። ሁለት ጥያቄ አለኝ። በየማታው 100 ሲት አፕ እየሰራሁ ነበር፣ ልቀጥል? ሌላው ጾም ነው፣ እኔ ጿሚ ነኝ። ጡንቻ ያለ ሥጋና እንቁላል ይመጣል?

ብረት በጠዋት፦

ሲት አፑ የሆድህን ጡንቻ ያጠነክራል፣ በላዩ ያለውን ስብ ግን አያነሳም። ስብ ከየት እንደሚወርድ የምትመርጠው አንተ አይደለህም። ብዙ ወንድ ላይ ሆድ መጨረሻ ነው የሚሄደው፣ ለዚህ ነው ሰው ሁለት ወር ሰርቶ ተስፋ የሚቆርጠው። 100ውን ትተህ ከብረቱ በኋላ ፕላንክ ያዝ፣ በክርንህና በእግር ጣቶችህ ተደግፈህ ሰውነትህን ቀጥ አድርገህ መቆየት ነው።

የጓዳ ሰው፦

ስለ ጾሙ እኔ ልመልስ፣ ጿሚም ነኝ ብረትም እሰራለሁ። ይመጣል፣ ግን ሳያስቡበት አይመጣም። ለሚሰራ ሰው በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፣ ለአንተ በቀን ከ80 እስከ 105 ግራም አካባቢ ነው። የኩላሊት ችግር ካለብህ ግን ሐኪም ጠይቅ። በፍስክ ቀን ቀላል ነው፣ አንድ እንቁላል ብቻ 6 ግራም ያህል አለው። በጾም ቀን የሚያሳስተን እንጀራውና ወጡ ላይ ያለን ሚዛን ነው። እስቲ የጾም በያይነቱ ትሪ ላይ አይተህ ታውቃለህ? ምስሩ ሁለት ማንኪያ፣ ሽሮው ሁለት ማንኪያ፣ ከሥር ሁለት እንጀራ፣ ከዛ ደግሞ ጭማሪ እንጀራ ይመጣል። እኔ ገልብጬዋለሁ። አንድ እንጀራ፣ ወጡን ግን ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ወደ 18 ግራም ፕሮቲን አለው። ጠዋት ፉል፣ መክሰስ ቆሎና ኦቾሎኒ፣ ማታ ወፍራም ሽሮ። ሽሮው ውስጥ ዘይቱን ቀንስ፣ በጾም ቦርጭ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

እራት መተውህን ግን ተው በናትህ። ይልቅ ሻይህን ቁጠር። በቀን አራት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የምትጠጣ ከሆነ 12 ማንኪያ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ወደ 30 ግራም ስኳር አለው። ዓርብ ማታ ቢራ ካለ እሱም ይቆጠራል።

የገርጂው፦

ከ11 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፣ የጻፋችሁልኝ እንዳይባክን ብዬ ነው። ክብደቴ 66 ከግማሽ ነው፣ ማለትም ምንም አልተነካም ማለት ይቻላል። በስድስተኛው ሳምንት ሚዛኑን አይቼ ልተወው ነበር። ወገቤ ግን ከ93 ወደ 89 ወርዷል። ፑሽ አፕ ከጠረጴዛ ወደ መሬት ወርጄ 14 ደርሻለሁ። ሻይ በአንድ ማንኪያ ለመድኩ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ራስ ምታት ነበረው። የስኳር ምርመራውን በሚቀጥለው ሳምንት እደግማለሁ፣ ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።

ሰርጉ አልፏል። ሱሪውን ትናንት ልብስ ሰፊው ጋ ወስጄ አስጠበብኩት። ኮቱ ደግሞ ትከሻው ላይ ትንሽ ይዞኛል። ጀሪካኖቹ አሁን 14 ሊትር ላይ ናቸው።