ከቱሉ ዲምቱ ቢሾፍቱ፦ ያለ ዳታ የሚሠራ ፍጥነት አስጠንቃቂ ካርታ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ የቱሉ ዲምቷ

ሰላም ለሁላችሁ። በቪትዝ በየቀኑ ከቱሉ ዲምቱ ቢሾፍቱ እመላለሳለሁ፤ አንዳንድ ቀን በክፍያ መንገዱ፣ አንዳንድ ቀን በዱከም በአሮጌው። ስልኬ አንድሮይድ 13 ነው። የፍጥነት ወሰን ሳልፍ የሚያስጠነቅቀኝ፣ ዳታ ባይኖርም የሚሠራ፣ መዋያና ማደሪያዬን ለማንም የማያስተላልፍ ካርታ እፈልጋለሁ። በቴሌግራም «ራዳር ያለበትን ሁሉ ያሳያል» ተብሎ አንድ ኤፒኬ (ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚጫን የአፕ ፋይል) ተልኮልኛል፤ ሎኬሽን «ሁልጊዜ»፣ ኮንታክትና ኤስኤምኤስ ፍቀጂ ይላል። ልጫነው? ሌላው፣ ዳሽቦርዱ 80 ሲል ስልኩ 76 ይላል። የቱን ልመን?

መልስ፦ ካርታ ሠሪው

እህቴ፣ ኤፒኬውን አትጫኚው። ፍጥነት ለመለካት ሎኬሽን ብቻ ይበቃል። ባንክ የሚልክልሽ የማረጋገጫ ቁጥር የሚገባው ኤስኤምኤስ ውስጥ ነው፤ ከፈቀድሽለት እሱም እኩል ያነበዋል። ጭነሽው ከነበረ መጀመሪያ ዳታና ዋይፋይ አጥፊ። ቀጥሎ ሴቲንግስ ውስጥ «አክሰሲቢሊቲ» እና «ዲቫይስ አድሚን» የሚሉትን ከፍተሽ ስሙ ካለ ፈቃዱን ንሺው፤ ይህ ካልቀደመ አልጠፋም ሊል ይችላል። ከዚያ አጥፊው፣ የባንክ ፒንሽንም ከሌላ ስልክ ቀይሪ።

«ራዳር ያለበትን ሁሉ» የሚለው ራሱ አይሆንም። ትራፊክ ፖሊስ በእጁ የሚይዘው ራዳር ለአንቺ ስልክ የሚልከው ነገር የለም። እንደ ዌዝ ያሉት የካርታ አፖች የሚያውቁት ቀድሞ ያለፈ ሾፌር ምልክት ሲያደርግ ነው። ተጠቃሚው ጥቂት በሆነበት መንገድ ላይ ምልክቱ ወይ አይኖርም፣ ወይ ፖሊሱ ቦታ ከቀየረ በኋላ ይደርሳል። አፑ ዝም አለ ማለት ከፊትሽ ራዳር የለም ማለት አይደለም። ይባስ ብሎ ድንገት «ራዳር!» ሲልሽ ፍሬን ትረግጪያለሽ፤ ከኋላሽ ድንጋይ የጫነ ሲኖ ትራክ ካለ እንደ ቪትዝ ቶሎ አይቆምም።

ስለዚህ ፖሊሱን የሚፈልግ አፕ ይቅርብሽ፤ ወሰኑን የሚነግርሽ ይሻልሻል። ለዚህ ደግሞ ከስልክሽ ምንም መውጣት የለበትም።

መልስ፦ ኦፍላይን ነኝ

ኦርጋኒክ ማፕስን ከፕሌይ ስቶር አውርጂ። ማስታወቂያም ክትትልም የለውም፣ አካውንትም አይጠይቅም፤ ካርታው በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ነፃ ካርታ፣ ከኦፕንስትሪትማፕ ነው። አዲስ አበባንና ኦሮሚያን የሚሸፍነውን ካርታ ቤት ዋይፋይ ላይ ጫኚ። ወሰኑ የሚታየው መንገድ መርጠሽ ጉዞ ስትጀምሪ ነው፤ ስታልፊ ቁጥሩ ቀይ ይሆናል። ዝም ብለሽ ካርታውን ብቻ ከፍተሽ ከነዳሽ አይሠራም፤ ብዙ ሰው «አፑ ተበላሽቷል» የሚለው ለዚህ ነው።

በድምፅ ከፈለግሽ ኦስማንድ የሚባለው የካርታ አፕ ይሻላል። የመንዳት ፕሮፋይሉን ምረጪ፣ የናቪጌሽን ሴቲንግስ፣ የድምፅ መመሪያ፣ ከዚያ የፍጥነት ወሰን ማስጠንቀቂያውን አብሪ። እዚያው «ቶለራንስ» የሚል አለ፤ 0 አድርጊው። 10 ላይ ከተውሽው በ60 መንገድ 70 እስክትደርሺ አይናገርም።

ጂፒኤስ ራሱ ዳታ አይፈልግም። ዳታ ሲጠፋ ግን ስልኩ የሳተላይቶቹን አቀማመጥ ከሰማይ ማንበብ አለበት። የእያንዳንዷ ሳተላይት መረጃ በየ30 ሰከንዱ ነው የሚደጋገመው፤ ስልኩ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ከቆየና የሁሉንም ዝርዝር ከፈለገ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ከኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ስር ወጥተሽ፣ ገላጣ ቦታ ላይ ቆመሽ አፑን ክፈቺና ቦታሽን እስኪይዝ ጠብቂ፤ ከዚያ ተነሺ።

አንድ ጥንቃቄ፦ መንገድ በመንገድ ላይ ሲያልፍ ወይም ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ስልኩ ሊሳሳት ይችላል። የክፍያ መንገዱ ከፍተኛ ወሰን 120 ነው፤ መግቢያው አካባቢ ገና ከታች ሳለሽ 120 ቢልሽ አትመኚው። የቆመው ታፔላ ከስልኩ ይበልጣል።

መልስ፦ የቃሊቲው መካኒክ

የዳሽቦርዱ 80 እና የስልኩ 76 ጤነኛ ነው። በዓለም አቀፉ የተሽከርካሪ ደንብ ስፒዶሜትር ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ ብሎ እንዲያሳይ አይፈቀድም፤ ከፍ ማለት ግን እስከ 10 በመቶ እና በላዩ 4 ኪሎ ሜትር ይችላል። ፋብሪካዎች ሆን ብለው ከፍ ያደርጉታል።

ጎማሽን እዪ። በ165/70 ራዲያል 14 ፈንታ 175/70 ተገጥሞ ከሆነ ዲያሜትሩ ከ587 ሚሊሜትር ወደ 601 ያድጋል፤ 2.4 በመቶ ገደማ ነው። ዳሽቦርዱ 80 ሲል ድሮ 74 የነበረው አሁን 76 ሆነ ማለት ነው፤ ትርፍሽ ከ6 ወደ 4 አነሰ። ያለቀ ጎማ ደግሞ በተቃራኒው ዲያሜትሩን ስለሚያሳንስ ዳሽቦርዱ ይበልጥ ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ስታወዳድሪ በሜዳ መንገድ ላይ ፍጥነቱን ሳትቀይሪ 10 ሰከንድ ያዢው፤ ስልኩን የሚያነብልሽ ሌላ ሰው ይሁን። ፍሬን ስትይዢ ወይም ነዳጅ ስትሰጪ ስልኩ ወደኋላ ይቀራል። በ80 አንድ ሰከንድ 22 ሜትር ነው።

መልስ፦ ቁልፍና ጓዳ

ስለ መረጃው ልጨምር። ጉግል ማፕስም ስልክሽ ላይ ካለ ፎቶሽን ንኪ፣ የሄድሽበትን የሚመዘግበው «ታይምላይን»፣ ሦስቱን ነጥብ፣ የግላዊነት ሴቲንግ። በራሱ የሚያጠፋበትን ጊዜ 3 ወር አድርጊ ወይም ጭራሽ ዝጊው። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል፤ «ዌብ ኤንድ አፕ አክቲቪቲ» ግን ለብቻው ነው፣ ካርታው ላይ ጽፈሽ የፈለግሽውን ቦታ ይመዘግባል። እሱንም ዝጊ።

ከዚያ የስልኩ ሴቲንግስ፣ ሎኬሽን፣ የአፕ ፈቃድ። «ሁልጊዜ» የሚለው ስር ያለውን ሁሉ ወደ «ስጠቀም ብቻ» አውርጂ። ለአየር ሁኔታና ለመሳሰለው «ትክክለኛ ቦታ» የሚለውን አጥፊ፤ ለካርታው ግን ተዪው፣ ካልሆነ የቆምሽበትን መንገድ አይለይም።

«ስሜን ካልሰጠሁ ምን አለበት» ለምትሉ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የ15 ወር የስልክ እንቅስቃሴ አይቶ፣ አራት የቦታና የሰዓት ነጥብ ብቻ 95 በመቶውን ነጥሎ ለማውጣት እንደሚበቃ አሳይቷል። ጠዋት ቱሉ ዲምቱ፣ ቀን ቢሾፍቱ፣ ማታ ተመልሶ ቱሉ ዲምቱ፣ ይኸው ሦስት ሆነ።

በሕግ በኩል የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ አንቺ የተያዘውን የማወቅ፣ የማሳረምና የማሰረዝ መብት ይሰጥሻል። የቴሌግራሙ ኤፒኬ ባለቤት ግን አድራሻ የለውም፤ ማንን ትጠይቂያለሽ?

የቱሉ ዲምቷ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ጎማው እውነትም 175 ነው። ኤፒኬውን አጥፍቻለሁ፣ አልተጫነም ነበር። ኦስማንድን አስተካክዬ ስሞክር ግን በአንዳንዱ መንገድ ምንም ቁጥር አያሳይም፤ የኮዬ ፈጬው መንገድ ላይ ባዶ ነው።

ካርታ ሠሪው

ካርታው ላይ ወሰኑ ስላልተጻፈ ነው፤ በአዳዲሶቹ ሰፈሮች ብዙ መንገድ እንደዚያ ነው። ስትሪትኮምፕሊት የሚባለውን አፕ ጫኚ፣ የኦፕንስትሪትማፕ አካውንት ክፈቺ። የፍጥነት ወሰን ጥያቄው አፑ ሴቲንግስ ውስጥ ጠፍቶ ከሆነ አብሪው፤ ከዚያ መንገዱ አጠገብ ስትሆኚ «ወሰኑ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅሻል። መልስ የምትሰጪው ታፔላውን በዓይንሽ ካየሽ ብቻ ነው፤ በግምት ወይም ከጉግል ገልብጠሽ አትጻፊ። መኪናው ቆሞ፣ ከመንገድ ዳር ወጥተሽ ይሁን። አንድ ታፔላ የሚገዛው ከቆመበት ጀምሮ ስለሆነ መንገዱን እዚያው ላይ መክፈል ሊኖርብሽ ይችላል፤ አፑ ያሳይሻል። ኦስማንድ ላይ የሚደርሰው ካርታው ሲታደስ ነው፤ በሚቀጥለው ወር አዲሱ ካርታ ሲወጣ እንደገና አውርጂና እዪው። አካውንቱን ስትከፍቺ በትክክለኛ ስምሽ አታድርጊው፤ ያረምሽው ቦታና ሰዓት ለሁሉም ይታያል፣ ከቤትሽ በር አጠገብም አትጀምሪ።