የድሬዳዋ አሮጌው ባቡር ጣቢያና ወርክሾፕ ምን ይሁን?

አወያይ፦ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ የራሱ ጣቢያ አለው። ከዚራ ሰፈር ያለው የቀድሞው የምድር ባቡር ጣቢያና ወርክሾፕ ሙሉ በሙሉ ሙዚየም ይሁን ወይስ ለሌላ ሥራ ይዋል? ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ ጻፉ።

የከዚራ ልጅ፦ ሙዚየም ይሁን፣ ያውም ሳይውል ሳያድር። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ስለከበደው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ እዚህ ቆላው ላይ ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ግንባታው ለዓመታት ሲቋረጥም ድሬ የሐዲዱ መጨረሻ ሆና ቆየች፤ ገበያዋ የደራው ያን ጊዜ ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ይህን ሁሉ ለልጆቻችን በምን እናሳያቸው?

የመጋላዋ፦ ታሪኩን ማን ካደ? እኔ የምጠይቀው ሙዚየም ስንት ሰው ይቀጥራል ነው። ትኬት ቆራጭ፣ ዘበኛ፣ አስጎብኚ፣ አለቀ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በደህናው ዘመን ያሳደራቸውን ቤተሰቦች አስቡ። ደግሞስ ለምን እንደ ሙት ከተማ ታለቅሱልናላችሁ? የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው እዚሁ ነው። መሀል ከተማ ያለ ሰፊ ግቢ የሙያ ማሠልጠኛ ይሁን።

ከጀርመን፦ እኔ የምኖረው ኤሰን አጠገብ ነው። ሶልፈራይን የሚባለው የድንጋይ ከሰል ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1986 ተዘጋ፤ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ከሰሉ ይታጠብበት የነበረው ሕንፃ ዛሬ የሩር ሙዚየም ነው። ዓለም ይጎርፍለታል።

የመጋላዋ፦ ወንድሜ፣ ገንዘቡን ማን ከፈለ? የማዕድን ሠራተኛውስ ወደ ሥራው ተመለሰ?

ከጀርመን፦ ቦታውን የገዛው የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ነው። የማዕድን ሥራው አልተመለሰም፣ አልዋሽሽም። ግን ማፍረሱም ቢሆን አይመልሰውም ነበር።

የምድር ባቡር ጡረተኛ፦ ልጆቼ፣ ብረት ላይ ወረቀት ለጥፎ ዙሪያውን ገመድ ማሰር ለእኔ ሙዚየም አይደለም። ብረት መቅረጫው ማሽን፣ ቶርኖው፣ ካልዞረ ጎብኚው ምን ያያል? መለዋወጫ ከውጭ በጊዜ ሳይደርስ ሲቀር እኛ እዚያው ቀርጸን ባቡሩን እናስነሣ ነበር፤ የዚህ ወርክሾፕ ክብሩ ይህ ነው። የየመሣሪያውን ስም በፈረንሳይኛ ተምረን፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ እየተጠራራን የሠራን ሰዎች እያለቅን ነው። ለቀሩት ሙያተኞች ደመወዝ ይቆረጥላቸውና ወጣቶችን በዚያው ቶርኖ ያሠልጥኑ። ጎብኚውም ትኬት ቆርጦ ይህን ይይ። ግድግዳውን ቀለም መቀባት ሁለት ዓመት ቢዘገይ ምንም አይሆንም፤ የእኛ ዕድሜ ግን አይጠብቅም።

የከዚራ ልጅ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። የመቶ ዓመት ማሽን ለጀማሪ ከተሰጠ ይሰበራል፤ ከተሰበረ ደግሞ ሌላ የለም። ሠልጣኝ በአዲስ ማሽን ይማር፣ አሮጌው ይከበር።

የምድር ባቡር ጡረተኛ፦ እኔስ ጀማሪ ሆኜ አይደለም የገባሁት? ሳይሠራ የቆመውን ዝገት ይበላዋል። እሱን ምን ልታደርገው ነው?

ከሳቢያን፦ ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። የባቡር ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት የጋራ ንብረት ሆኖ የቆየ ነው። ስለዚህ ከተማው ብቻውን ተነሥቶ «ሙዚየም አድርጌዋለሁ» ማለት የሚችል አይመስለኝም። ሐዲድም፣ ፉርጎም፣ ሊቶሪናም (በራሱ ሞተር የሚሄደው የመንገደኛ ባቡር) ከመነካቱ በፊት የንብረቱ ዝርዝር በሁለቱም ወገን ይፈረም። ያለበለዚያ አንድ ቀን ለብረት ነጋዴ በኪሎ ተሽጦ እንሰማለን።

የመጋላዋ፦ ሁለት መንግሥት እስኪስማማ ጋሼ ቤታቸው ይቀመጡ? ሕንፃው ሳይነካ፣ ማሽኑ ከቦታው ሳይነሣ፣ ሥልጠናው በአጭር ጊዜ የኪራይ ውል ቢጀመር የሚከለክል ሕግ ካለ አሳዩኝ። ከሌለ ግን እኔም ለሙዚየሙ ድምፄን እሰጣለሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ከመጋላም ከከዚራም ሰፈር እኩል ይመረጡ እንጂ።