«ማርያም የሳመችው»፣ ኪንታሮት ወይስ ጠቃጠቆ? የልጅ ገላ ላይ ያለ ምልክት ሲለወጥ ለሐኪም እንዴት ይነገራል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የስምንት ዓመት ልጄ ትከሻው ላይ ከጨቅላነቱ ጀምሮ ያለች ጥቁር ነጥብ አለችው። እቤት «ማርያም የሳመችው» ነው የምንላት። ሰሞኑን ሳጥበው ግን ከፍ ከፍ ብላ አገኘኋት፣ በአንድ በኩልም ቀላ ብላለች። ሆዴ ፈራ። የቆዳ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ግን ምን ብዬ እንደማስረዳ ግራ ገባኝ። አንዱ ኪንታሮት ነው ይለኛል፣ ሌላው ጠቃጠቆ። የቱ ነው ልክ? «ተለወጠች» ብልስ አይበቃም?

መልስ፦
አይዞሽ እህቴ። ቀጠሮ መያዝሽ ጥሩ አድርገሻል።

«ማርያም የሳመችው» አብሮ ለተወለደ ምልክት ነው የሚባለው። ሐኪሙም ይገባዋል፣ አትፈሪ። ኪንታሮት ግን ሌላ ነገር ነው፣ በቫይረስ የሚመጣና ላዩ ሻካራ የሆነ። ደግሞ በዚሁ ስም የፊንጢጣውን ሕመምም ስለምንጠራበት በስልክ «ልጄ ኪንታሮት አለበት» ብትዪ ሰሚው ጭራሽ ወዳልሆነ ቦታ ነው የሚሄደው። ጠቃጠቆም አይሆንም፤ እሱ ፊት ላይ ብትን ብትን የሚል፣ ከቆዳ ጋር እኩል የሆነ ነው። «ጥቁር ነጥብ» ያልሽው ራሱ በቂ ነው።

«ተለወጠች» ግን አይበቃም። ሰፋች? ጠቆረች? ቀላች? ጉብ አለች? ደማች? እያንዳንዱ ለሐኪሙ የተለየ ነገር ይነግረዋል። «አበጠች» ካልሽ መግል የቋጠረ እባጭ ሊመስለው ይችላል፣ «ጉብ አለች» ብትዪ ይሻላል። «አደገች» የሚለውንም ብቻውን አትተዪው። ልጁ ሲያድግ ነጥቧም አብራው መስፋቷ ያለ ነው፣ በልጅነትና በጉርምስና አዳዲስ ነጥብ መውጣቱም እንደዚሁ። የሚያሳስበው ከልጁ እድገት ቀድማ ስትሮጥ ነው።

ሌላ መልስ፦
ከላይ በተባለው ላይ አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ወላጅ እዚህ ጋ ይዘናጋል። ቅርጿ ግራና ቀኙ የማይመሳሰል፣ ጠርዟ የተቆራረጠ፣ ቀለሟ የተደበላለቀ፣ ስፋቷ ከ6 ሚሊ ሜትር ያለፈ የሚባለው የቆዳ ካንሰር መለያ በዋናነት ለአዋቂ የወጣ ነው። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር በልጅ ላይ እጅግ ብርቅ ነው። ሲከሰት ግን ሮዝ ወይም የቆዳ ቀለም ያለው፣ አንድ ወጥ የሆነ፣ ጉብ ያለና የሚደማ ሊሆን ይችላል፣ ከ6 ሚሊ ሜትርም ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ «ትንሽ ናት፣ ጥቁርም አይደለች» ብሎ መተው አያዋጣም።

«ስፒትዝ» የሚል ስም ከሰማሽ ደግሞ አትደንግጪ። በልጆች ላይ ቶሎ የሚያድግ፣ ቀላ ወይም ቡናማ የሆነ ጉብታ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ሶፊ ስፒትዝ የተባለች ሐኪም በ1948 እ.ኤ.አ. ስትጽፍበት የልጆች ሜላኖማ ብላው ነበር፣ ራሱን የቻለ ነገር መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ሐኪሙ ግን በዓይን ብቻ መለየት ሊቸግረውና «ናሙና እንውሰድ» ሊልሽ ይችላል። ያ ማለት «ካንሰር ነው» ማለት አይደለም፣ ይጣራ ማለት ነው። «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል ቤት ውስጥ ባታነሱት ጥሩ ነው። አንዳንዱ የሳንባ በሽታውን ይሰማበታል፣ አንዳንዱ ካንሰርን፣ ልጁ ደግሞ የእናቱን ፊት ነው የሚያየው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ብልስ? «ከጨቅላነቱ ጀምሮ ትከሻው ላይ ጥቁር ነጥብ ነበረችው። ሰሞኑን ጉብ ብላለች፣ በአንድ በኩል ቀልታለች።»

መልስ፦
ቆንጆ ነው። «ሰሞኑን» የሚለውን ግን ጊዜውን ለይተሽ ንገሪው፣ ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ ማለቱ አይቀርም። መድማቷን ወይም አለመድማቷን፣ ያሳክከው እንደሆነም ጨምሪ። ዛሬውኑ በቀን ብርሃን ማስመሪያ አጠገቧ አድርገሽ ፎቶ አንሻት፣ ከልጅነቱ ፎቶ ትከሻው የሚታይበት ካለም ይዘሽ ሂጂ። ከቀጠሮው በፊት ከደማች ወይም ቆስላ አልድን ካለች ቀኑን አትጠብቂ፣ ደውለሽ አስቀድሚው።