ሚስቴ የሥራ ልብሴን ታጥብ ነበር፤ ልንገራት ወይስ ልተወው?

ቧንቧው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 64 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመት የቦይለርና የእንፋሎት ቧንቧ መሸፈን ነበር ሥራዬ። ነጩን ዱቄት በውኃ አቡክተን እንለጥፋለን፣ አሮጌውን በመዶሻ እናፈርሳለን፣ አቧራው ክፍሉን እንደ ጉም ሲሞላው ደግሞ "ወፍጮ ቤት ገባን" እየተባባልን እንስቅ ነበር። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ የሰጠን የለም። ዱቄቱ አስቤስቶስ የሚባል የማዕድን ቃጫ መሆኑን እንኳ ያወቅኩት ሥራውን ከለቀቅኩ ስንት ዘመን ቆይቶ ነው።

ባለፈው ዓመት ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። እርጅና ነው ብዬ ናቅኩት። በኋላ ቀኝ ጎኔ ውስጥ ፈሳሽ ተገኘ። ቀዱልኝ፣ በሦስት ሳምንት ተመልሶ ሞላ። ናሙና ተወሰደና ሜሶቴሊዮማ ተባለ፣ ከአስቤስቶስ አቧራ የሚመጣ የሳንባ ሽፋን ካንሰር።

የምጠይቃችሁ ስለ ኬሞ አይደለም። ሚስቴ ያን ሁሉ ዓመት የሥራ ልብሴን በእጇ ታጥብ ነበር። መጀመሪያ በር ላይ ታራግፈዋለች፣ ከዚያ ትዘፈዝፈዋለች። ልጄም ገና ከመግባቴ ትጠመጠምብኝ ነበር። በዚያ መንገድ የታመሙ ሚስቶች እንዳሉ ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ምንም አይሰማቸውም። ሚስቴ የምታውቀው "ከሥራው የመጣ ነው" የሚለውን ብቻ ነው። ልንገራት? ወይስ ገና ላልመጣ ነገር ለምን አስፈራታለሁ? የደረሰበት ሰው ካለ ይምከረኝ።

ሦስተኛ ዓመቴ፦
ወንድሜ እንኳን ጻፍክ። እኔም ያው ነው ያለብኝ፣ የኔ አስቤስቶስ ከነበረበት የፍሬን ሸራ ነው የመጣው። ጋራዥ ውስጥ ሸራ በቀየርን ቁጥር አቧራውን በኮምፕሬሰር እንነፋው ነበር፣ ፊት ለፊታችን።

በሚስትህ ጉዳይ እኔ ምን ልበልህ፣ ሚስት የለኝም። የሌላውን ግን ልንገርህ። ፈሳሹ እየተመላለሰ ካስቸገረህ በየጊዜው በመርፌ መወጋት ብቻ አይደለም ያለው። ለኔ ጎኔ ላይ ቀጭን ቱቦ ተክለውልኝ ቤቴ ሆኜ ነው የምቀዳው። ሌላው መንገድ የታልክ ዱቄት ውስጥ ገብቶ ሁለቱ ሽፋኖች እንዲጣበቁና ፈሳሹ ቦታ እንዲያጣ ማድረግ ነው። በዱቄት ታመን በዱቄት መታከማችን መቼም ያስቃል። ትንፋሽ ሲያጥርህ ትንሽ ማራገቢያ ፊትህ ላይ አድርግ፤ ቀልድ ይመስላል ግን ይሠራል፣ እኔ ያለሷ ከቤት አልወጣም። ሞርፊን በትንሹ ቢያዙልህም አትደንግጥ። "አለቀልኝ ማለት ነው" ብዬ ሁለት ሳምንት እንቢ አልኩና ሁለት ሳምንት በከንቱ ታፈንኩ።

ስለ ዕድሜ የሚጻፈውን ቁጥር ደግሞ ሌሊት ሌሊት አታንብብ። ስቲቨን ጄይ ጉልድ የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1982 የሆድ ዕቃ ሽፋን ሜሶቴሊዮማ ተገኘበት። በሽተኞች የሚኖሩበት የመሃል ቁጥር (ሚዲያን) ስምንት ወር ነው የሚል አነበበ። እሱ ግን ቁጥር የሚገባው ሰው ነውና ግማሹ ሰው ከስምንት ወር በላይ ኖሯል ማለት ነው ብሎ አሰበ። 20 ዓመት ኖረ፣ የሞተውም በሌላ ካንሰር ነው። አንተም እንደሱ ትሆናለህ ማለቴ አይደለም። እሱ ብርቅ ነው። ብቻ የመሃል ቁጥር ማለት የተቆረጠ ቀጠሮ አይደለም።

ዝም በል፦
አትንገራት ባይ ነኝ። ያላዩት አገር አይናፍቅም። ጤነኛ ሴት ናት፣ ለምን በየሳሏ እንድትደነግጥ ታደርጋታለህ? የራስህን ሕክምና ተከታተል።

የእናቷ ልጅ፦
ከላይ ካለው አስተያየት ጋር በፍጹም አልስማማም። ጋሼ፣ እኔ እርስዎ የሚፈሩት ነገር የደረሰባት እናት ልጅ ነኝ። አባቴ የጣራ ቆርቆሮ መሳዩን የአስቤስቶስ ሲሚንቶ በመጋዝ ይቆርጥ ነበር። እናቴ ልብሱን ታጥብ ነበር። እሱ ምንም ሳይሆን እሷ ታመመች። ሲያስላት በብሮንካይት፣ ጎኗን ሲወጋት በብርድ እየታከመች ስምንት ወር ሄደ፣ ምክንያቱም ማንም ስለ አስቤስቶስ ሊጠይቃት አላሰበም። እሷም መናገር እንዳለባት አላወቀችም፣ የቤት እመቤት ናታ! አባቴ ግን ያውቅ ነበር። ሰምቶ ነበር፣ ፈርቶ ዝም አለ።

በሽታውን ይቅር አለችው፣ "አንተስ መቼ አወቅክ" ብላ። ዝምታውን ግን እስከ መጨረሻው አልዋጠችውም። ይህን የምጽፈው እርስዎን ለማስጨነቅ አይደለም። ቢነግሯት የሚሻለው ግን ለሐኪም የምትናገረው ነገር ስለሚኖራት ነው።

ነርስ ነኝ፦
ጋሼ፣ እህታችን ትክክል ናት። በልብስ በኩል የሚመጣው አደጋ እውነት ነው፣ በቀጥታ ከሠራ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ያንሳል፣ አብዛኞቹም አይታመሙም። የአስቤስቶሱ ቃጫ ዓይን የማያየው ቀጭን መርፌ ነው፣ ሳንባ ፈጭቶ ሊያስወግደው አይችልም። በሽታው የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ሚስትዎና ልጅዎ ለሐኪማቸው ታሪኩን ይንገሩ፣ ፋይላቸው ላይ ይጻፍ። ምንም ለማይሰማው ሰው በየዓመቱ ሲቲ ስካን መነሣት ሜሶቴሊዮማን ቀድሞ በማግኘት ሕይወት እንደሚያተርፍ አልተረጋገጠም። የማይለቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የጎን ውጋት ካለ ግን አይጠበቅም። የሚያጨስ ካለ ያቁም። ሲጋራ ሜሶቴሊዮማን ባያመጣም፣ ከአስቤስቶስ ጋር ሲደመር በራሱ በሳንባው ካንሰር የመያዝን ዕድል በጣም ይጨምራል። በሽታው አይተላለፍም፤ ልጅዎን አሁንም ይቀፏት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ጽሑፍዎ ውስጥ ራስዎን ሲከስሱ አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1960 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ማዕድን ቆፋሪ ያልሆኑ፣ ከማዕድኑ አጠገብ የኖሩ ሰዎች ጭምር በሜሶቴሊዮማ መታመማቸው በጥናት ወጥቷል። በ1965 ደግሞ ለንደን ውስጥ የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ ያጠቡ ሴቶች መታመማቸው ታትሟል። እርስዎ ሥራ ሲጀምሩ ይህ ዕውቀት የ18 ዓመት ዕድሜ ነበረው። ልብሱን ሥራ ቦታ ማሳጠብ የነበረበት አሠሪዎ ነው፣ እርስዎ አይደሉም።

የት፣ መቼ፣ ምን እንደሠሩ፣ ከማን ጋር እንደነበሩ አሁኑኑ በጽሑፍ ያስቀምጡ። ካሳ ለመጠየቅ ያስፈልጋል። በአንዳንድ አገሮች የክሱ ጊዜ የሚቆጠረው ሥራው ከቆመበት ሳይሆን በሽታው ከታወቀበት ነውና "30 ዓመት አለፈው" ብለው አይተዉት።

ዝም በል፦
እሺ፣ ስለ ሐኪሙ ያላችሁት ገብቶኛል። እሱን አላሰብኩትም ነበር።

ቧንቧው፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "እኔን ተወኝ፣ ልጅቷስ?" አለች። ነርሷ የጻፈችልኝን አነበብኩላት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ተቆጣች፣ በአቧራው ሳይሆን ለማታውቁኝ ለእናንተ ቀድሜ በመናገሬ። ይህን የሚያስተባብል ነገር አላገኘሁም።

ስለ ሥራ ታሪኬ ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። እኔ አብረውኝ ከሠሩት አምስቱን ብቻ አስታወስኩ። እሷ አስራ አንድ ቆጠረች፣ ማን መቼ እንደገባ፣ ማን መቼ እንደለቀቀ ሁሉ፣ "ልጅቷ ጥርስ ስታወጣ ነው እሱ የመጣው" እያለች። ሁለቱን ስልክ አፈላልጋ ልትደውልላቸው ነው፣ እነሱም ምናልባት አያውቁም። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፣ አብራኝ ትገባለች።