የቅድመ አያቴን ስም በሕዝብ ቆጠራ ላገኝ እችላለሁ?

የአዘዞው፦ ሰላም ወገኖች። የአባቴን ዘር እስከ ሰባት ቤት ልጽፍ ተነስቻለሁ። አያቴ ያደጉት ጎንደር፣ ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ ነው። ከሳቸው በላይ ያለውን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። የድሮ የሕዝብ ቆጠራ ላይ ስማቸው ይኖር ይሆን?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ቆጠራው ብዙ አይጠቅምህም። አገር አቀፍ ቆጠራ የተጀመረው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ቀጥሎ በ1987 እና በ1999 ተደረገ። የታተመውም የሕዝብ ብዛት፣ ዕድሜ፣ ቋንቋና ሃይማኖት ነው እንጂ የሰው ስም የለበትም። ጎንደር ግን ሌላ ሀብት አላት። የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ውርስ በየቤተ ክርስቲያኑ ብራና ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁሉ አለ። አንድ ወንጌል ላይ ሻጩ፣ ገዢው፣ ከሥር ደግሞ ምስክሮቹ በስም ተደርድረው አይቻለሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

እቴጌ ሰፈር፦ የክርስትና ስማቸውንም ጠይቅ ወንድሜ። በፍትሐትና በተዝካር የሚጠሩት በሱ ነው። የድሮ የግብር ደረሰኝ ካለም እንዳይጣል። የእኛ ከሳጥን ሥር ወጥቶ የአያቴን አባት ስም ሰጥቶናል።

የአዘዞው፦ እግዜር ይስጥልኝ! አክስቴ ጋ አሁኑኑ ደወልኩ፤ ወልደ ጊዮርጊስ ይባሉ ነበር አለችኝ። መምህር፣ ብራናውን ለማየት ማንን ላስፈቅድ?

ጡረተኛው መምህር፦ ከደብሩ አለቃ ጀምር። ብቻህን አትሂድ፤ የአጥቢያውን ሽማግሌ ይዘህ ሂድ።